ሰው የማያበላልጥ ቁጥር

ሌባ መባል ምን እንደሚመስል ባዩሽ በአርባ ሁለት ዓመቷ አወቀችው። ያውም ሰረቀች የተባለው ቁጥር ነው። እስቲ አሁን ቁጥር ይሰረቃል? ዶሮ ይሰረቃል፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ጋቢ ይሰረቃል፤ ሽሮ ሜዳ ገበያ መሃል ሰው ኪስ ይገባል። ቁጥር ግን በምን ተይዞ በየት በኩል ይወጣል? ይሁንና ተባለ። ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የተላከ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሰካ፣ ጓድ ስለሺ የሚሉት ጎረምሳ አሥራ ሦስት የፈተና ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ይሄ ሁሉ የተሰረቀ መልስ ነው» አለ። ይህን ሲል ዓይኑ ያረፈው ባዩሽ ላይ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ካልያዙት የሴትዮዋ ንዴት አይገባም።

ባዩሽ ከዊንጌት ወደ ተራራው በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ባንድ የምንጣፍ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሱፍ ስትቋጥር የኖረች ሴት ናት። ቤቱ ድሮ የአንዲት አርመን ማዳም ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ማዳም ሄዱ፣ ቤቱ የኅብረት ሥራ ማኅበር ተባለ፣ ታፔላው ተለወጠ። የሚያፈሰው ጣራ ግን አልተለወጠም፤ ክረምት ሲገባ ባልዲ የሚደቀንበት ቦታ ያው የማዳም ጊዜው ቦታ ነው። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ልጅ አልወለደችም። በዚህ ዓለም ላይ የኔ የምትለው ቢኖር መሥሪያው ፊት ያለው አግዳሚና አሥር ጣቶቿ ናቸው።

ምንጣፍ እንደ ሸማ በመወርወሪያ አይሠራም። ድሩ ከላይ ወደ ታች ተወጥሮ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ሴቶቹ ፊት ለፊቱ አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ባለ ቀለሙን ሱፍ በድሩ ላይ እየጠመጠሙ አንድ በአንድ ይቋጥራሉ፣ ትርፉን በቢላ ይቆርጣሉ። አንድ ረድፍ ሲሞላ ማግ ይገባበትና በብረት ማበጠሪያ ይመታል። ከዚያ ደግሞ እንደገና ከጫፍ። ከሚሠሩት ሁሉ የሚበልጠው፣ እነሱ «ትልቁ» ብቻ እያሉ የሚጠሩት ምንጣፍ በወርዱ ሰባት መቶ ሃያ ቋጠሮ፣ በቁመቱ አንድ ሺህ አንድ ረድፍ አለው። አንዷ ረድፍ ለምን ተጨመረች ያለ እንደሆነ፣ አምስት መቶ ረድፍ ከታች፣ አምስት መቶ ከላይ፣ መሃል ላይ ደግሞ ሴቶቹ «እምብርት» የሚሏት አንዲት ረድፍ አለች። አበባው ከእሷ ተነስቶ ወደ ታችም ወደ ላይም እኩል ይከፈታል።

በ1960 ዓ.ም. ግድም ሴቶቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። ያን ጊዜ ትልቁ ባለቀ ቁጥር ጠብ አይጠፋም ነበር። «እኔ ብዙ ቋጠርኩ፣ አንቺ ስታወሪ ዋልሽ» ነው። አንዴማ ጀዊሪያ የምትባለው ጉልበተኛ የሱፍ መቁረጫውን ቢላ አንስታ በስንት ገላጋይ ተያዘች። ባዩሽን ይሄ ነገር አንገሸገሻት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ሲበላለጡ ማየት ከልጅነቷም አትወድም። በነጠላዋ ጫፍ በቆሎ ቋጥራ መጣችና በየምሳ ሰዓቱ መሬት ላይ እየደረደረች ማስላት ጀመረች። ሴቶቹ «ባዩሽ ጠጠር ጣይ ሆነች» ብለው ሳቁባት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ቀጠለች።

መጀመሪያ ጠቅላላውን አገኘች። አንድ ሺህ ረድፍ ሰባት መቶ ሃያ ሺህ ቋጠሮ ነው። እምብርቷ ደግሞ የራሷን ሰባት መቶ ሃያ ታመጣለች። ስለዚህ ትልቁ ማለት ሰባት መቶ ሃያ ሺህ ከሰባት መቶ ሃያ ቋጠሮ ነው። ሲጠሩት ራሱን ሁለቴ ይጠራል፤ ይሄ ደስ አላት።

ከዚያ ማካፈል ጀመረች። ወርዱን ለአሥራ ሁለት ብትሸነሽነው ለያንዳንዷ ስልሳ ስልሳ ደረሰ፤ ምንም አልተረፈም። በሳምንቱ አንዷ ወልዳ ቀረችና አሥራ አንድ ሆኑ። ወርዱ ለአሥራ አንድ እምቢ አለ። ባዩሽ ሁለት ቀን ተበሳጨች፤ ምሳዋንም በቅጡ አልበላች። በሦስተኛው ቀን ወርዱን ትታ ቁመቱን ያዘች። አንድ ሺህ አንዱ ረድፍ ለአሥራ አንድ ሲካፈል ዘጠና አንድ ዘጠና አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። ለሰባት ሞከረችው፤ መቶ አርባ ሦስት። ለአሥራ ሦስት ሞከረችው፤ ሰባ ሰባት። ወርዱ እምቢ ያለውን ቁመቱ እሺ ይላል። ለአሥራ አራት ሁለቱም ለየብቻቸው እምቢ ሲሏት፣ ወርዱን ለሁለት ቁመቱን ለሰባት ከፈለችው፤ እሱም ገባ። እንዲህ እያለች ከሁለት ተነስታ አሥራ ስድስት ደረሰች። በመንገዷ ላይ አንድም ቁጥር አልመለሳትም።

«ይሄ ቁጥር ሰው አያበላልጥም» አለች ለሴቶቹ።

ከእሱ ያነሰ እንዲህ የሚያደርግ ቁጥር ፈልጋ ነበር፤ አጣች። ለዚህችኛዋ ሲደርስ ለዚያችኛዋ ይጎድላል። እምብርቷን ብቻ ብታነሳ እንኳ ሰባትም አሥራ አንድም አሥራ ሦስትም አኩርፈው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ይሄ ሕግ ሆነ። አንዷ ብትወልድ፣ አንዷ ለቅሶ ብትቀመጥ፣ ኋላም አብዮቱ መጥቶ አንዷን ለስብሰባ፣ አንዷን ለጥበቃ፣ አንዷን ለዘመቻ ቢወስድ፣ ጠዋት ላይ ስንት ነን ይባላል፣ ባዩሽ ድርሻውን ትናገራለች፣ በቃ፣ ሥራ ይጀመራል። ድርሻዋን በቃሏ የማታውቅ ሴት በዚያ ቤት የለችም። ጀዊሪያም ከዚያ ወዲያ ቢላ ያነሳችው ለሱፍ ብቻ ነው።

እንግዲህ 1976 ዓ.ም. ደረሰ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሁሉም ነገር መታጠብ፣ መቀባት፣ መዘጋጀት ነበረበት። ለምንጣፍ ቤቱ የመጣው ትእዛዝ እንዲህ ይላል፦ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት የሌላት ሴት ከመስከረም በኋላ መሥሪያ ላይ አትቀመጥም፤ ወደ ሱፍ ማጠቢያው ትዛወራለች። ሱፍ ማጠቢያው ጓሮ ነው። ከተራራው በሚወርድ ብርድ ብርድ በሚሸት ውሃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እጅን ነክሮ መዋል ነው። ባዩሽ ሁለት ዓመት ሆኗታል ጣቶቿን ቁርጥማት ከጀመራት፤ ጠዋት ጠዋት በሞቀ ውሃ ካላፍታታቻቸው አይታጠፉላትም። አንድ ክረምት ማጠቢያው ላይ ብትውል እነዚያ ጣቶች አለቀላቸው። ይሄን እሷም ታውቃለች፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ደበላም ያውቃሉ፣ ትእዛዙን የጻፈው ሰው ብቻ አያውቅም።

ተማረች። ምን ታድርግ? ከሥራ መልስ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ በዚያ ዓመት የቀሩት አሥራ ሦስቱም ሴቶች ሀ ሁ ቆጠሩ። ባዩሽ ፊደሉን በስድስት ወር ለቀመችው። አሃዝ መጻፍ ሲመጣማ መምህሯን አልፋ ሄደች፤ ለካ ያ ሁሉ ዓመት በአፏ የምትጠራው ነገር በስድስት ምልክት ይጻፋል። 720720። የመጀመሪያ ቀን ስትጽፈው ቁጭ ብላ አየችው። ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ፊት ያለው ነገር ነው።

ፈተናው ሰኔ ላይ ሆነ፤ ጓድ ስለሺም ያን ቀን መጣ። ማንበብና መጻፉ በሰላም አለፈ። አራተኛው ጥያቄ ላይ ጓድ ስለሺ ከወረቀቱ ወጣ ብሎ አንድ ብልጠት አሰበ። «ሁላችሁም ደስ ያላችሁን ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ጻፉ። እኔ በምጠራው ቁጥር አካፍሉት፤ ስንት እንደሚደርስና ስንት እንደሚተርፍ ጻፉ» አለ። እንዳይኮራረጁ ነው። ቀጥሎም ሆን ብሎ፣ ሰው የሚፈራቸውን ቁጥሮች መርጦ ጠራ፤ ሰባት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት።

አሥራ ሦስት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው አሥራ ሦስት ጊዜ 720720 ብለው ጻፉ።

ሌላ ምን ይጻፉ? ደስ ያላችሁን ተባሉ፤ ደስ ያላቸውን ጻፉ። በሕይወታቸው ከዚያ ሌላ ከሆነ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ጋር ጉዳይ ኖሯቸው አያውቅም። መልሱንም አላሰሉትም፤ ሰው የገዛ ድርሻውን ምን ብሎ ያሰላል? ሰባት ብንሆን 102960። አሥራ አንድ ብንሆን 65520። አሥራ ሦስት ብንሆን 55440፤ ይሄኛውማ የዛሬው ድርሻቸው ነው። ትርፍ፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። በአምስት ደቂቃ ጨርሰው እስክሪብቶ አስቀመጡ። ረሂማ የምትባለው ቀልደኛ እንዲያውም «ይሄንንማ በእንቅልፌም እመልሰዋለሁ» ብላ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ነው እንግዲህ ሰውየው ወረቀቱን ተሸክሞ ተመልሶ የመጣው።

«አሥራ ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ቁጥር መረጠ» አለ ጓድ ስለሺ፤ ሴቶቹን በመደዳ አቁሟቸዋል። «አሥራ ሦስት ሰው አንድ ዓይነት መልስ ጻፈ። የተሠራበት መስመር የለም። ትርፍም የለም። ሦስት ቀን ሙሉ ይሄን ወረቀት ሳገላብጥ ሰነበትኩ፤ ትርፉ የት ሄደ? እኔ እንደ ሕፃን ልጅ የምታለል መሰልኳችሁ?»

«ትርፍ ስለሌለው ነው ጌታዬ» አለች ባዩሽ።

«አንቺን አልጠየቅኩሽም።»

አንቺ። በእናቱ ዕድሜ ላለች ሴት፣ ያውም ሰው ፊት። ባዩሽ ጥርሷን ነከሰች። ባዩሽ ስትናደድ አትጮኽም፤ ድምጿ እየወረደ ይሄዳል፤ የሚያውቋት ሴቶች ድምጿ ሲወርድ ነው የሚፈሩት።

«ደግሞስ» አለ ሰውየው፣ ወደ ጋሽ ደበላ ዞሮ፣ «ይሄ ቁጥር የምን ምልክት ነው? ሁሉም በቃላቸው የያዙት ቁጥር ነው። ማን ሰጣቸው? ለማን ነው የሚያስተላልፉት?»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ለጨዋታ አይጠየቅም። ጋሽ ደበላ ደግ ሰው ናቸው፤ ሱፍ ሲነክሩ የኖሩ፣ እስከ ክርናቸው ድረስ እጃቸው ቀይና ሰማያዊ የሆነ ሰው። ነገር ግን ፈሪ ናቸው፤ ስድስት ልጅ አላቸው። ላብ በግንባራቸው መጣ። «ጓድ፣ የምንጣፍ ነገር ነው፣ እ... ማለቴ ሌላ ነገር የለውም» አሉ። ሰውየው አልሰማቸውም። ከቦርሳው ማኅተም ያረፈበት አንድ ነጭ ወረቀት አወጣና ባዩሽ ፊት አስቀመጠው።

«መልሱን አስቀድሜ ያደልኩት እኔ ነኝ ብለሽ ፈርሚ። የአሥራ ሁለቱን አሳልፋለሁ፣ ያንቺ ይሰረዛል። ካልፈረምሽ አሥራ ሦስቱም ይሰረዛል፤ የቁጥሩንም ነገር ሌላ ቦታ ሄደን እንነጋገርበታለን።»

ዓይን ያወጣ ነገር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አጎንብሳ የሠራች ሴት፣ አንድ ቀን እንኳ የሰው ሱፍ ወደ ራሷ ያልጎተተች ሴት፣ ባጠፋችው ሳይሆን ባወቀችው ነገር ሌባ ነኝ ብለሽ ፈርሚ ትባላለች። ባታውቅ ኖሮ መሃይም ብለው ያባርሯት ነበር፤ አወቀች፣ ሌባ አሏት። ታዲያ ይቺ ሴት በየት በኩል ሰው ትሁን?

ጋሽ ደበላ ቀስ ብለው ወደ ጆሮዋ ተጠጉ። «ባዩሽ፣ እባክሽ ፈርሚና ይልቀቀን። የእጅሽን ነገር በኔ ጣይው፤ ማጠቢያው ላይ እንዳትውይ የሆነ ነገር እናደርጋለን።»

ባዩሽ እስክሪብቶውን አነሳች። እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም፤ ልትፈርም ነበር። አሥራ ሁለቱን ሴቶች አየቻቸው፤ ልጆቻቸውን ታውቃለች፣ የየቤታቸውን ጎዶሎ ታውቃለች። ለነሱ ሲባል ጣቶቿ ይቅሩ ብላ ነበር። ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ስትል ግን ሰውየው ቀድሞ የጻፈውን አነበበች። ማንበብ አስተምረዋት የለ? «በእኔ የተሰረቀና ለሌሎች የታደለ ቁጥር» ይላል። መዛወሩስ ይሁን። ያንን በበቆሎ ፍሬ፣ በባዶ ሆዷ፣ ሴቶቹ እየሳቁባት ያገኘችውን፣ በዚያ ቤት ጠብን ያጠፋውን ነገር የተሰረቀ ነው ብላ በገዛ እጇ ትጻፍ?

እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠችው።

«አልፈርምም» አለች፤ ድምጿ ወርዷል። «እዚሁ ቆመን ይፈትኑን። የፈለጉትን ቁጥር ይጥሩ። ከሰረቅን ያስታውቃል።»

ሰውየው ሳቀ። ክብሩ ግን ተነክቷል፤ እምቢ ማለት አልቻለም። «አሥራ ስድስት» አለ ለረሂማ።

«45045» አለች ረሂማ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ።

«ዘጠኝ» አለ ለጀዊሪያ።

«80080። ስንት ጊዜ ነው ዘጠኝ የሆንነው፤ በዚያ ለቅሶ በበዛበት ዓመት።»

«አሥራ አራት።»

«51480» አለች ከወዲያ ጥግ ያለችው።

ሰውየው በየመልሱ እያጎነበሰ በወረቀት ያሰላል፤ ይሞላለታል። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። «ይሄንንም አጥንታችሁታል» አለ።

ረሂማ አላስችል አላት። «እርስዎ ራስዎ ቁጥር ይስጡና ይዩት እንጂ። ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ይጻፉ፤ አያሳዩን። አጠገቡ ያንኑ ይድገሙት። እሱን ለሰባት ያካፍሉ፣ የደረሰውን ለአሥራ አንድ፣ የደረሰውን ለአሥራ ሦስት። ምንም አይተርፍም፤ መጨረሻ ላይ መጀመሪያ የጻፉትን ያገኛሉ። አንድ ሺህ ረድፍና እምብርት ያለው ምንጣፍ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ወርዱ ስንትም ይሁን።»

ሰውየው አላመነም። ደብቆ 385 ብሎ ጻፈ፣ ደገመው፤ 385385። ለሰባት አካፈለ፤ 55055። ለአሥራ አንድ፤ 5005። ለአሥራ ሦስት፤ 385። ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ሌላ ሞከረ፤ ያው ሆነ። እንግዲህ ይሄኛውን ከማን ሰረቁት ይባል? ከገዛ ደብተሩ ነው የወጣው።

ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃው ነበር፤ ይቅርታ ብሎ ይፈርምና ይሄዳል። ጓድ ስለሺ ግን መረታት አልፈለገም። ቀና ብሎ ባዩሽን አያትና «እሺ። አንቺ አሥራ ሰባት» አለ።

አሥራ ሁለቱ ሴቶች አንድ ባንድ አንገታቸውን ደፉ። ሰውየው ያዝኳቸው ብሎ ፈገግ አለ።

«አርባ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና አምስት ይደርሳል» አለች ባዩሽ። «አምስት ይተርፋል።»

ሰውየው አሰላ። ጊዜ ወሰደበት፤ አንዴ ሰረዘ፣ እንደገና ጀመረ። አምስት ተረፈ።

«ይሄን እንዴት አወቅሽ? ትርፍ የለውም እያላችሁኝ አልነበረም?»

«አሥራ ሰባት ሆነን እናውቃለን» አለች።

አሥራ ሰባተኛዋ አስቻለች ትባል ነበር። በ1966 ዓ.ም. ነው የገባችው፤ ሳቂታ፣ ሥራ የማይከብዳት፣ ሲመሽ ማታ ትምህርት የምትሄድ ልጅ። እሷ ስትገባ የባዩሽ ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አለ። በበቆሎም ብትደረድር፣ በወርድም በቁመትም ብትሞክር፣ አምስት ቋጠሮ ይተርፋል። አምስቱን ማን ይቋጥር ተብሎ የድሮው ጭቅጭቅ ሊመለስ ሲል አስቻለች «ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አምስቱ ለኔ» ብላ ሳቀች። አራት ዓመት ሙሉ ትልቁ የሚያልቀው በእሷ እጅ ነበር፤ ሁሉም ተነስተው ቆመው ያዩአታል፣ አምስቱን ትቋጥራለች፣ ይጨበጨባል። በኅዳር 1970 ዓ.ም. አንድ ጠዋት መሣሪያ የያዙ ሰዎች ገቡና ስሟን ማኅተም ካለበት ወረቀት ላይ ጠሩ። ለጥያቄ ነው፣ አሁን ትመለሳለች አሉ። የጀመረችው ሱፍ ድሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ይሄን ሁሉ በዚያ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም በአፉ ጠርቶት አያውቅም። ባዩሽ አሁን ጠራችው፤ እርስዎ ማለቱንም ተወችው።

«ሦስት ቀን ትርፉ የት ሄደ ስትል ሰነበትክ አይደል? አምስቱን የምትቋጥረው አስቻለች ነበረች። ከዚህ ከቆምክበት አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አንስታችሁ ወሰዳችኋት። አሥራ ስድስት ቀረን። ከዚያ ወዲህ ምንም አይተርፍም፤ እኩል ይካፈልልናል።»

ጋሽ ደበላ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ» አለ ጓድ ስለሺ።

«ማኅተሙ ያው ነው» አለች ባዩሽ፣ ነጩን ወረቀት በጣቷ እያሳየችው።

ምን እንደሚያደርግ የጠፋው ሰው እጁ የለመደውን ያደርጋል። እስክሪብቶ አነሳና «የአባቷ ስም ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ያኔ ሳትጠይቁን ነው የወሰዳችኋት። አሁን ለምንህ ነው?» አለች።

ሰውየው ነጩን ወረቀት አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ከዚያ አሥራ ሦስቱን የፈተና ወረቀቶች ወደ ራሱ ሳበና ሳይቀመጥ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ፣ አንድ በአንድ «አልፋለች» እያለ ፈረመባቸው። የባዩሽን መጨረሻ ላይ ፈረመ። ሲወጣ ደህና ዋሉም አላለም፤ በሩን እንኳ ከኋላው አልዘጋውም።

ሴቶቹ መተቃቀፍ ያምራቸው ነበር፤ አልሆነላቸውም። ጀዊሪያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። ባዩሽ አግዳሚዋ አልተወሰደባትም፣ ጣቶቿም ከማጠቢያው ዳኑ። ተመልሳ መሥሪያው ፊት ተቀመጠችና ቀዩን ሱፍ አነሳች። ያን ቀን የአሥራ ሦስት ሰው ድርሻ ነበር፤ እስከ ማታ ግን አንዲት ቋጠሮ አልቋጠረችም፤ እጇ እምቢ አላት።